ያረጀ ዲጂታል ካሜራ አልሠራ ሲል፦ ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት

ተበላሽቷል ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የተጣለ ዲጂታል ካሜራ ሁሉ የተበላሸ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የደከመው ባትሪው ነው፤ አለዚያም ፎቶ የሚቀመጥበት ካርድ ከካሜራው ዘመን ጋር አልተስማማም፤ ወይም ባትሪው የሚነካቸው ጥቃቅን ብረቶች ቆሽሸዋል። ሦስቱንም ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ መመርመር ይቻላል። ሰው ግን ይህን ትቶ ብሎን ወደ መፍታት ይሮጣል። ብሎኖቹ ይጠፋሉ፣ ስስ የሆኑት የውስጥ ገመዶች ይቀደዳሉ፣ ሊድን ይችል የነበረው ካሜራ ያን ጊዜ በእርግጥ ይሞታል።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል። አይዝለሉት፤ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ባትሪውንም ካርዱንም አንድ ላይ ቀይረው ካሜራው ቢነሣ ጥፋቱ የየትኛው እንደነበር አያውቁም፤ በሚቀጥለው ወር እንደገና ሲቆም ደግሞ ከዜሮ ይጀምራሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ

አብሮት የተሠራ ፍላሽ ያለው ካሜራ ሁሉ ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ካፓሲተር አለው። ባትሪው ከጥቂት ቮልት የማይበልጥ ቢሆንም ካፓሲተሩ 300 ቮልት አካባቢ ይይዛል፤ ባትሪው ከወጣ በኋላም ይህ ኃይል ውስጡ ሊቆይ ይችላል። ጣት በነካው ጊዜ የሚሰማው የኤሌክትሪክ ንዝረት ቀላል አይደለም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ የካሜራውን ቅርፊት የሚያስከፍት አንድም እርምጃ የለም። ሥራው እዚያ ከደረሰ ለባለሙያ ይስጡት።

1. ኃይሉን ይመርምሩ

ካሜራዎ ኤኤ የሚባለውን ተራ የባትሪ ድንጋይ የሚጠቀም ከሆነ፣ «አዲስ ድንጋይ ገዝቼ ነው ያስገባሁት» የሚለው ማስረጃ ብዙም አያስኬድም። ለግድግዳ ሰዓትና ለሪሞት የሚሆነው ርካሹ የዚንክ ካርቦን ድንጋይ ለካሜራ አይሆንም። ሌንሱ ሲወጣ፣ ስክሪኑ ሲበራና ፍላሹ ሲሞላ ካሜራው በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ደካማው ድንጋይ በዚያች ቅጽበት ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ካሜራውም ባትሪው አልቋል ብሎ ይጠፋል። አልካላይን ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በአሮጌ ካሜራ ውስጥ ቶሎ ያልቃል። ከሁሉም የሚመረጠው ደጋግሞ የሚሞላው የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው 1.2 ቮልት ከአልካላይኑ 1.5 ቮልት ያነሰ ቢመስልም፣ ጭነት ሲመጣበት ሳይወርድ ይቆያል። አንዳንድ ካሜራዎች ሜኑ ውስጥ የባትሪ ዓይነት መምረጫ ስላላቸው እሱንም ያስተካክሉ። አዲስና አሮጌ ወይም የተለያየ ዓይነት ድንጋይ አያቀላቅሉ።

ካሜራዎ የራሱ ጠፍጣፋ የሊቲየም አዮን ባትሪ ያለው ከሆነ፣ ይህ ዓይነቱ ባትሪ ባይጠቀሙበትም እንኳ ከዕድሜ ጋር እንደሚደክም ይወቁ። ቴስተር ካለዎት ከቻርጀር እንደወጣ ይለኩት። 3.6 ወይም 3.7 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት ባትሪ በደንብ ሲሞላ ወደ 4.2 ቮልት፣ 7.2 ወይም 7.4 የተባለው ደግሞ ወደ 8.4 ቮልት ያሳያል። ልኬቱ ጥሩ ሆኖ መገኘቱ ግን ባትሪውን ነጻ አያወጣውም። ያረጀ ባትሪ ሥራ ሳይኖርበት ሙሉ መስሎ ይታያል፤ ሌንሱ ግማሽ መንገድ ሲወጣ ወይም ፍላሹ መሙላት ሲጀምር ድንገት ይወድቃል። ካሜራው በርቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ሌላ ምርመራ ሳያደርጉ በፊት ደህና ባትሪ ተውሰው ይሞክሩ።

ያበጠ ባትሪ ካገኙ ቻርጅ አያድርጉት፤ ከካሜራው አልወጣ ቢልም በብረት አይፈልቅቁት። ከተወጋ ሊቀጣጠል ይችላል። ለዓመታት ሳይሞላ ከመቆየቱ የተነሣ ቻርጀሩ አልቀበልም የሚለውንም ባትሪ በሌላ መንገድ ኃይል ሰጥቶ «ለማስነሣት» መሞከር አያዋጣም፤ ቻርጀሩ የሚከለክለው በምክንያት ነው።

ቀጥሎ የባትሪውን ክፍል በጥሩ ብርሃን ይመልከቱ። ሞላዎቹና ጠፍጣፋዎቹ ብረቶች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካለ የአልካላይን ድንጋይ ፈስሶበታል ማለት ነው። ፈሳሹ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ስለሆነ የሚያሸንፈው አሲድ ነው፦

1. ድንጋዮቹን አውጥተው ይጣሉ፤ ጓንት ያድርጉ፤ ደረቁን ቅርፊት በስቴኪኒ ወይም በደረቅ ብሩሽ ያራግፉ። ካሜራውን ገልብጠው ይያዙት፤ ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይገባ።
2. የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ጭማቂ ነክረው፣ ጨምቀው፣ ብረቱን ብቻ ይነካኩ። ትንሽ አረፋ ሊያወጣ ይችላል። ጥጡ እርጥብ እንጂ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም።
3. በሌላ ጥጥ አልኮል ነክረው ኮምጣጤውን ያጥፉ። ኮምጣጤው እዚያው ከቀረ እሱም በተራው ብረቱን ይበላል።
4. ለጥቂት ሰዓታት ክፍቱን ይተዉት፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ባትሪ አያስገቡ።

ቅርፊት ባይታይም የባትሪውንና የካሜራውን ብረቶች በአልኮል መጥረግ ምንም አይጎዳም። ለዓይን የማይታይ ስስ ቆሻሻ አንድን ካሜራ ሙሉ በሙሉ ማቆም ይችላል።

አሁንም ካልበራ የባትሪውን መዝጊያ በር ይመርምሩ። ይህን ብዙ ሰው ያልፈዋል። በብዙ ካሜራዎች በሩ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ጫፍ አለች፤ በሩ ሲዘጋ ውስጥ ያለን ጥቃቅን ማብሪያ ትጫናለች። ጫፏ ከተሰበረች ካሜራው በሩ ክፍት ነው ብሎ ስለሚያስብ በምንም ባትሪ አይነሣም። የበሩ ማያያዣ ላልቶ ድንጋዮቹ ወደ ውጭ ሲገፉትም ውጤቱ ያው ነው። በሩን በጣትዎ አጥብቀው ይዘው ያብሩት። ከበራ በሽታው ተገኝቷል፤ አዲስ በር እስኪገኝ ጠንካራ ፕላስተር ይበቃል።

ካሜራው በበራ ቁጥር ቀንና ሰዓት የሚጠይቅ ከሆነ አይጨነቁ። ሰዓቱን የምታቆይ ትንሽ ባትሪ ውስጡ አለች፤ በብዙዎቹ ላይ ራሷ ከዋናው ባትሪ ትሞላለች። የተሞላ ዋና ባትሪ አስገብተው አንድ ቀን ሙሉ ይተዉት። ካልያዘ ትንሿ ባትሪ አርጅታለች፤ ካሜራው ግን ፎቶ ለማንሳት አታስፈልገውም።

2. ካርዱ ከካሜራው ዘመን ጋር ይስማማል?

«ካርድ ስህተት» የሚል መልእክት ሲመጣ ካሜራው ተበላሸ ብሎ መደምደም ቀላል ነው። እውነቱ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው፤ አሮጌው ካሜራ አዲሱን ካርድ ማንበብ አይችልም። የመጀመሪያው የኤስዲ ካርድ ደረጃ እስከ 2 ጊጋባይት ነው። ከዚያ በላይ እስከ 32 ጊጋባይት ያለው ኤስዲኤችሲ የወጣው በ2006 እ.ኤ.አ.፣ ከ32 በላይ ያለው ኤስዲኤክስሲ ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ ሁሉም ቀዳዳው ውስጥ ይገባሉ። ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ካሜራ ግን 16 ጊጋባይት ካርድ ሲገባበት ወይ ስህተት ይላል፣ ወይ ጭራሽ እንዳላየው ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ካሜራ 2 ጊጋባይት ወይም ከዚያ ያነሰ ካርድ ይፈልጉለት።

ከኤስዲ ውጭ ያሉትም አሉ። ኦሊምፐስና ፉጂፊልም በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጡት ኤክስዲ ካርድ ከ2 ጊጋባይት አልፎ አያውቅም፤ ከእሱ በፊት የነበረው ስማርት ሚዲያ ደግሞ ትልቁ 128 ሜጋባይት ነው። እነዚህን አሁን የሚያገኙት ያገለገሉ ሆነው ነው፤ ስለዚህ ያለዎትን ይንከባከቡ። ኮምፓክት ፍላሽ የሚጠቀም ካሜራ ካለዎት ካርዱን ሳያስገቡ ቀዳዳውን በስልክ መብራት ይመልከቱ። ውስጡ 50 ጥቃቅን መርፌዎች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። አንዷ እንኳ ከታጠፈች ካርዱን በኃይል መግፋት ጎረቤቷንም ያጣምማል።

ካርዱ ከካሜራው ጋር የሚስማማ ሆኖ ስህተት ካለ እነዚህን ይሞክሩ። በኤስዲ ካርድ ጎን ያለችው መቆለፊያ ወደ ታች ወርዳ ከሆነ ወደ ላይ ይመልሷት። የካርዱን ወርቃማ ብረቶች በአልኮል ይጥረጉ። ማይክሮ ኤስዲን በማስተላለፊያ (አዳፕተር) የሚጠቀሙ ከሆነ በእውነተኛ ኤስዲ ይቀይሩት። በመጨረሻም ካርዱን ፎርማት ያድርጉት፣ ማለትም ያለበትን ሁሉ አጥፍተው እንደ አዲስ ያዘጋጁት፤ በኮምፒውተር ሳይሆን በራሱ በካሜራው። አሮጌ ካሜራዎች ኮምፒውተር በአዲስ ሥርዓት ያዘጋጀውን ካርድ ላያውቁት ይችላሉ።

ነገር ግን በካርዱ ላይ የሚፈልጓቸው ፎቶዎች ካሉ ፎርማት አያድርጉ፤ አንድም ተጨማሪ ፎቶ አያንሱበት። የጠፋ የሚመስለው ፎቶ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አለ። ካርዱን አውጥተው በካርድ ማንበቢያ ከኮምፒውተር ጋር ያገናኙት፤ ፎቶሬክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን ፈልጎ ወደ ሌላ ቦታ ይቀዳል። ኮምፒውተሩ ካሜራውን በኬብል አላውቅም ሲልም ይኸው የካርድ ማንበቢያ ነገሩን ይቋጨዋል፤ ኬብሉን በመቀያየር ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።

3. ምስሉ የት ላይ ነው የሚበላሸው?

ካሜራው በርቶ ፎቶው ግን መጥፎ ከሆነ አሁን መርማሪ ይሆናሉ። ምስል በካሜራ ውስጥ መንገድ አለው፦ በሌንሱ ይገባል፣ ለብርሃን በሚከፈተውና በሚዘጋው መጋረጃ፣ በሻተሩ፣ ያልፋል፣ ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይረው ሴንሰር ላይ ያርፋል፣ ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ በስክሪኑ ይታያል። መንገዱ የት ላይ እንደተቆረጠ ለማወቅ የሚያስፈልግዎት ካሜራው ደህና በነበረበት ጊዜ የተነሣ አንድ አሮጌ ፎቶ ነው።

ያን ፎቶ በካሜራው ስክሪን ይክፈቱት። ጥርት ብሎ ከታየ ስክሪኑም፣ ካርዱም፣ ምስሉን የሚያቀናብረው ክፍልም ጤነኞች ናቸው፤ ጥፋቱ ከእነሱ በፊት፣ በሌንስ፣ በሻተር ወይም በሴንሰር ላይ ነው። አሮጌው ፎቶ በካሜራው ላይ ተበላሽቶ በኮምፒውተር ግን ደህና ሆኖ ከታየ ደግሞ ጥፋተኛው ስክሪኑ ብቻ ነው።

ስክሪኑ ጭራሽ ጥቁር ከሆነ መጀመሪያ የማሳያ ቁልፉን ደጋግመው ይጫኑ። ስክሪኑን ሆን ብሎ የሚያጠፋ ምርጫ በብዙ ካሜራዎች አለ፤ ስንቱ ካሜራ በዚህ ብቻ ተኮንኗል! ከዚያ የስልክ መብራት አስጠግተው በአግድም ይመልከቱት። ደብዘዝ ያለ ምስል ካዩ የሞተው የኋላ መብራቱ ነው። ካሜራው የቴሌቪዥን መውጫ ካለው በኬብል ያገናኙት፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ምስሉ ከመጣ የቀረው ካሜራ በሙሉ ይሠራል። በዓይን የሚታይበት መስኮት ያለው ካሜራ ከሆነ ያለ ስክሪንም ብዙ ያገለግላል።

ሜኑው ጥርት ብሎ የሚታይ፣ ከጀርባው ያለው ሕያው ምስል ግን ሐምራዊ የሆነ፣ በመስመር የተቆራረጠ ወይም የተንጋደደ ከሆነ ሴንሰሩ እየሞተ ነው። ይህ በተለይ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በተሠሩ ካሜራዎች ላይ የታወቀ በሽታ ነው። ሶኒ ለብዙ አምራቾች ያቀርባቸው የነበሩ ሲሲዲ የሚባሉ አንዳንድ ሴንሰሮች ሙቀትና እርጥበት ሲያገኛቸው የውስጥ ግንኙነታቸው ይላላ ነበር፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ካኖን፣ ኒኮንና ፉጂፊልምን ጨምሮ በርካታ አምራቾች ችግሩን በይፋ አምነው ነጻ ጥገና ሰጥተዋል። ያ ዘመን አልፏል። አሁን ይህ ምልክት ከታየ ገንዘብ አያፍሱበት፤ ለመለዋወጫ ያቆዩት።

ሁሉም ፎቶ ጥቁር ከሆነ፣ ወይም ደጅ የተነሣው ነጭ ሆኖ ቤት ውስጥ የተነሣው ደህና ከወጣ፣ ሻተሩን ይጠርጥሩ። ጥቁር ፎቶ ሻተሩ ተዘግቶ እንደቀረ ያመለክታል፤ ደጅ ብቻ የሚነጣው ደግሞ ብርሃኑን የሚቀንሱት ስስ ቅጠሎች ክፍት እንደሆኑ መጣበቃቸውን። ፍላሹ መጥፋቱን አረጋግጠው፣ በሌንሱ ፊት ለፊት ወደ ውስጥ እየተመለከቱ የማንሻ ቁልፉን ይጫኑ። ጤነኛ ሻተር ከኋላ ጥቁር ነገር ብልጭ ብሎ ሲያልፍ ይታያል። ካልተንቀሳቀሰ ሃያ ሠላሳ ፎቶ ደጋግመው ያንሱ፤ ለዓመታት ከመቀመጥ የተጣበቀ ሻተር በሥራ ሊላቀቅ ይችላል። ፍላሹም እንዲሁ ነው፦ ብዙ ዘመን ያልተነካ ፍላሽ መጀመሪያ ላይ ለመሙላት ይዘገያል፤ ጥቂት ጊዜ ሲተኮስ ይፈጥናል።

ሌንሳቸው የሚፈታ ትልልቅ ካሜራዎች የራሳቸው አመል አላቸው። ካኖን ላይ «ኤረር 99» ሲመጣ ወይም ካሜራው ሌንሱን አላየሁም ሲል፣ ሌንሱን ፈትተው በሁለቱም በኩል ያሉትን ክብ ወርቃማ ነጥቦች በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ከዚያ በሌላ ሌንስ ይሞክሩ። በዓይን የሚታይበት መስኮት ደብዝዞ ፎቶው ግን ጥርት ካለ የተበላሸ ነገር የለም፤ ከመስኮቱ አጠገብ ያለችውን የዓይን ማስተካከያ ጎማ ያዙሯት። በፎቶዎች ላይ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ግራጫ ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ (አፐርቸር) ኤፍ 16 ወይም ኤፍ 22 አድርገው ነጭ ግድግዳ ያንሱ፤ ነጠብጣቡ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ባትሪውን በደንብ ሞልተው ከሜኑው የሴንሰር ማጽጃውን ይምረጡ፤ መስተዋቱ ይነሣል። ካሜራውን ወደ ታች ደፍተው በእጅ በሚጨመቅ የጎማ አየር መንፊያ ይንፉ። በአፍ አይንፉ፣ የታሸገ የጣሳ አየርም አይጠቀሙ፤ ሁለቱም ፈሳሽ ይተፋሉ።

4. ሌንሱ ወጥቶ ወይም ገብቶ ሲቀር

ኪስ ውስጥ የሚገቡ ካሜራዎች ከሁሉ ይልቅ የሚሞቱት በዚህ ነው። «የሌንስ ስህተት» የሚል ጽሑፍ፣ በድሮ ካኖኖች ላይ ደግሞ «ኢ18» የሚል ምልክት ይመጣል። መንስኤው አሸዋ፣ መውደቅ ወይም ደካማ ባትሪ ነው፤ ስለዚህ ክፍል 1ን ዘልለው ከመጡ ይመለሱ።

መጀመሪያ ካሜራውን በማብሪያው ሳይሆን ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክቱን የፎቶ ማሳያ ቁልፍ ተጭነው ያብሩት። ብዙ ካሜራዎች በዚህ መንገድ ሌንሱን ሳያወጡ ይበራሉ። ከበራ ችግሩ ሌንሱ ላይ ብቻ መሆኑ ተረጋገጠ።

ከዚያ ሌንሱን ወደ መሬት አዙረው በቀለበቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ዙሪያውን በጎማው አየር መንፊያ ይንፉ። ወደ ላይ አዙሮ መንፋት አሸዋውን ወደ ውስጥ መስደድ ነው። ስስ ወረቀት በክፍተቱ አስገብተው ቀስ ብለው ያዙሩ፤ የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ ይሰማዎታል። ሌንሱ እንደተደፋ ያብሩና ያጥፉ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ እንደገና ይንፉ።

ወድቆ የተጣመመ ከሆነ ሌንሱን ፊት ለፊት ይመልከቱት፤ አንድ ጎኑ ገባ ያለ ሊሆን ይችላል። ካሜራው እየበራ ሳለ ከገባው ጎን በተቃራኒ ያለውን ጎን በጣት ቀስ ብሎ መግፋት አንዳንዴ ጥርሱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ የመመለሻ ትንሽ ድምፅም ይሰማል። ይህ ግን የመጨረሻ ሙከራ ነው፤ ሊያባብሰው እንደሚችል አውቀው ይግቡበት። ጥርሶቹ ፕላስቲክ ናቸው፣ ኃይል አይችሉም።

5. ብልሽት የሚመስል ቅንብር

ፎቶው ሁሉ ሰማያዊ፣ ሁሉ ጨለማ ወይም ሁሉ ደብዛዛ ከሆነ ሜኑው ውስጥ ገብተው ወደ ፋብሪካ ቅንብር የሚመልሰውን ይምረጡ። ሰማያዊው ካሜራው ለአምፖል ብርሃን ተዘጋጅቶ ፀሐይ ላይ በመነሣቱ፣ ጨለማው የብርሃን ማካካሻው ወደ ታች በመውረዱ፣ ደብዛዛው በአበባ ምልክት የሚታየው የቅርብ ማንሻ በርቶ በመቅረቱ ሊሆን ይችላል። ሌንሱ ላይ ያለ የጣት አሻራም በብርሃን ዙሪያ ጉም የመሰለ ነገር ይፈጥራል፤ የመነጽር ጨርቅ ይበቃዋል።

ውሃ የነካው ካሜራ ካለዎት «ይሠራ ይሆን» ብለው አያብሩት። ባትሪውንና ካርዱን ወዲያው ያውጡ፣ በሮቹን ሁሉ ይክፈቱ፣ አየር በሚያገኝ ጥላ ቦታ ቀናት ይቆይ። የፀጉር ማድረቂያ ሙቀት ማጣበቂያዎቹን ያላቅቃል፣ ውሃውንም ወደ ውስጥ ይገፋል። ባሕር ውስጥ የወደቀ ካሜራ ግን ጨው ስለሚበላው በቶሎ ለባለሙያ ካልደረሰ የመዳን ተስፋው ትንሽ ነው።

ከመጣልዎ በፊት

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልተነሣ፣ ያው ሞዴል በሌላ ምክንያት ተበላሽቶ የሚሸጥ ካለ ይፈልጉ፤ የአንዱ በር፣ ባትሪና ቻርጀር የሌላውን ያድናል። ተስፋ ቆርጠው የሚሰጡት ከሆነ ደግሞ ካርዱን አውጥተው አንድ ጊዜ ያብሩት። ብዙ አሮጌ ካሜራዎች ጥቂት ሜጋባይት የውስጥ ማከማቻ አላቸው፤ ካርድ ሳይኖር የተነሡ ፎቶዎች እዚያ ገብተው ተረስተው ይቀራሉ። ካርድ ሲገባ እነዚህ ፎቶዎች ስለማይታዩ ባለቤቱ መኖራቸውን እንኳ አያውቅም። ሜኑው «ወደ ካርድ ቅዳ» የሚል ካለው በእሱ፣ ከሌለው በኬብል ወደ ኮምፒውተር ያውጧቸው፤ ከዚያ የውስጥ ማከማቻውን ፎርማት አድርገው፣ ባትሪውን ለይተው፣ የብረቶቹን ጫፍ በፕላስተር ሸፍነው ያገለገለ ባትሪ ለሚሰበስቡ ይስጡ።